እግረ ርጥቡ እንግዳ

የዶክተር አሌያማ አባት ጀልባችን ላይ የወጡ ዕለት እኔ ሩዝ እያጠብኩ ነበር። ቀና ስል መጀመሪያ ያየሁት ጫማቸውን ነው። ጥቁር፣ የተወለወለ፣ ከተራራ አገር የመጣ ጫማ። በዓሣ ቅርፊትና በናፍጣ በሚያዳልጥ ወለል ላይ እንዲህ ያለ ጫማ አድርጎ የሚወጣ ሰው ወይ ባሕር አያውቅም፣ ወይ የባሕርን ሰው ሊመዝን መጥቷል። አቶ ኩሪያኮስ ሁለቱም ዓይነት ሰው ነበሩ።

«ጋሼ ዴቫሲ፣ ወንበር!» ብሎ ጮኸ ካፒቴናችን ክሌመንት። ማዕበል ጀልባዋን እንደ ቅርጫት ሲያንገላታት ያልቀጠነ ድምፅ፣ አንድ ሽማግሌ መሰላል ሲወጡ ቀጠነ።

«ወንበር ከየት አመጣለሁ? የበረዶ ሣጥን ነው ያለን» አልኩት።

«እንግዲያው ሣጥኑን ጥረገው!»

ጠረግኩት። ምን አደርጋለሁ፣ ነገሩ ገብቶኛል። አባትየው ሊያዩ የመጡት ዓሣ አይደለም፤ ክሌመንትን ነው።

«እመ ረድኤት» የክሌመንት ጀልባ ናት፤ ከአባቱ የወረሳት፣ መረብ የምትጎትት የእንጨት ጀልባ። እኔ ወጥ ሠሪዋ ነኝ፤ አባትየውንም ልጅየውንም ያበላሁ። በዚያ ዓመት የክረምቱ የማጥመድ እገዳ ተነስቶ ከፑታንቱራ ወደብ ጀልባ ሁሉ ወደ ባሕር ሲሯሯጥ፣ ክሌመንት የባሕር ምርምር ተቋሙን ጨረታ አሸነፈ። ተቋሙ የእኛን ዓይነት ጀልባ ከነሠራተኛው ተከራይቶ ባሕሩን ያስጠናል። ሥራው ለሰሚው ቀላል ነው። የተቋሙ ተመራማሪ ዶክተር አሌያማ ካርታ ላይ በዕጣ የወጡ ነጥቦች አሏት። እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ደርሰን መረቡን ለግማሽ ሰዓት እንጎትታለን፤ የወጣውን ሁሉ እሷ ትቆጥራለች፣ ትመዝናለች። ዓሣ ኖረም አልኖረ ከነጥቡ ንቅንቅ የለም። ውሉ ላይም ተጽፏል፤ ያለ ፈቃድ ቦታ የቀየረ ጀልባ ይሰናበታል።

«ዓሣ በሌለበት መረብ መጣል!» ይል ነበር አፉ የማያርፈው መረብ ጣያችን ገርቫሲስ። «ዶክተር፣ ለራሰ በራ ማበጠሪያ ይገዛል እንዴ?»

«በከተማው ስንት ራሰ በራ እንዳለ ለማወቅ ባለ ፀጉሩን ብቻ መቁጠር አይበቃም፣ ገርቫሲስ» ትለዋለች ከሚዛኗ ቀና ሳትል። እሱም ሳያስበው የሳሳውን አናቱን ይዳስሳል፤ እኛ እንስቃለን።

ፍቅሩ መቼ ጀመረ ብትሉኝ በሻይ ነው የጀመረው እላለሁ። ክሌመንት መሪው ላይ ሆኖ «ጋሼ ዴቫሲ፣ ዶክተሯ ደክሟታልና ሻይ ውሰድላት» ይለኛል። ስወስድላት ደግሞ «ካፒቴኑ ጠጥተዋል?» ትለኛለች። እመለሳለሁ። እንዲህ ስመላለስ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ሁለቱም ሻዩን አይፈልጉትም፤ የሚፈልጉት ሻዩን ተቀብለው ቀና የሚሉባትን ቅጽበት ነው። እሷ ከታች፣ እሱ ከመስኮቱ። ዓይን ለዓይን ይገጥማሉ፤ ከዚያ እሷ ወደ ዓሣዋ፣ እሱ ወደ አድማሱ። የዓሣዎቹን የሳይንስ ስም ሸምድዶ አሳስቶ ሲጠራላት፣ ስትስቅ ሊሰማት ብሎ እንደሚያሳስት እኔ አውቅ ነበር። አንድ ጠዋት ደግሞ ሚዛኗን እያጠበች፣ ቀና ሳትል «ስለ እርስዎ ለአባቴ ነግሬዋለሁ» አለችው። ክሌመንት በእጁ የያዘውን ገመድ ባሕር ውስጥ ጣለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእሷ ሰዎች የጎማ ዛፍ ያላቸው የተራራ ሰዎች ናቸው። እኛም እነሱም አንድ ጌታ እናመልካለን፤ አንድ መስቀል እንሳለማለን። ግን ለዓሣ አጥማጅ ሴት ልጅ አይድሩም፤ ቤታችንም ገብተው አይቀመጡም። የትም አልተጻፈም፤ ሳይጻፍ ነው የሚሠራው። ስለዚህ አባትየው «እስቲ ልየው» ብለው መምጣታቸው ራሱ ተአምር ነበር። ክሌመንት ያን ዕለት ጢሙን ሁለት ጊዜ ተላጨ።

እና መረቡ ባዶ ወጣ። የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ባዶ። ሁለተኛው ላይ ባዶ። ሦስተኛው ላይ አንድ እፍኝ የማይሞላ ነገር። ዶክተሯ እንደ ወትሮዋ ቆጠረች፣ ጻፈች፤ ለእሷ ባዶም ሥራ ነው። ለእኛ ግን እንዲያ አይደለም። በእኛ ወደብ አዲስ እንግዳ ጀልባ ላይ ሲወጣ መረቡ የእንግዳው ነው ይባላል። ሞልቶ ከወጣ እንግዳው እግረ ርጥብ ነው፤ በየቤቱ ስሙ በበጎ ይነሳል። ባዶ ከወጣ ደግሞ እግረ ደረቅ ይባላል፤ ያ ስም ከተለጠፈበት ሁለተኛ ጀልባ የሚያስወጣው የለም።

«ሽማግሌው እግረ ደረቅ ናቸው» አለ ገርቫሲስ ወደ ማብሰያዬ ጠጋ ብሎ። «ማታ ወደብ ስንደርስ ምን እንደሚባል አስበው። የዶክተሯ አባት ባሕሩን አደረቁት!»

«ዝም በል፣ ይሰሙሃል!»

እሳቸው አልሰሙም። ክሌመንት ግን በላያችን ባለው መስኮት ሰማ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ወደ ሽማግሌው አየ፤ በረዶ ሣጥኑ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው የማያውቁትን ባሕር በአክብሮት እያዩ ነበር። ከዚያ ወደ አሌያማ አየ። ከዚያ ድስቴ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ ጀልባዋ ዞረች ማለት ነው። እኔም ድስቴን ይዤ ምንም አላልኩም።

አራተኛው መረብ ሲወጣ የገመዱ መጠቅለያ አቃሰተ። ሰርዲኑ ወለሉ ላይ ሲፈስ ጀልባዋ ውስጥ ብር የተደፋ መሰለ። ገርቫሲስ «እግረ ርጥብ! እግረ ርጥብ!» እያለ ዘለለ። አቶ ኩሪያኮስ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ረጥቦ እንደ ልጅ ሳቁ። የክሌመንትን ትከሻ ይዘው «የተባረከ እጅ ነው ያለህ፣ ልጄ» አሉት።

ልጄ! አሌያማ ይህን ስትሰማ እጇ ዓሣው ውስጥ እንዳለ ቀና ብላ ክሌመንትን አየችው። እንዲያ ያለ አስተያየት በሕይወቴ በማንም ሴት ፊት ላይ ሲበራ አላየሁም። ከዚያ ቦታውን ልትመዘግብ ወደ መሪው ክፍል ገባች። ስትወጣ ፊቷ ላይ አንዲት የደም ጠብታ አልነበረችም። አባቷ አሁንም ይስቁ ነበር፤ እሷም አብራቸው ለመሳቅ ሞከረች።

ወደብ ደርሰን የአባትየው መኪና ከሄደች በኋላ ነው ያናገረችው። እኔ ድስት እያጠብኩ ስለነበረ ሁሉንም ሰማሁ፤ ደግሞም ለመስማት ነው በዝግታ ያጠብኩት።

«ካፒቴን፣ የመጨረሻው መረብ የት ነው የተጣለው?»

«ዓሣው የሚሰበሰብበት ጭቃማ ውሃ ጋ።»

«ዕጣው የወጣው ግን እዚያ አይደለም።»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

ክሌመንት «አባትዎን እግረ ደረቅ እንዳይሏቸው ነው» ቢላት በገዛ አፉ አባቷን ማዋረድ ሊሆንበት ነው። ዝም አለ። ዝምታ ደግሞ ሁሉም የፈለገውን የሚሞላበት ነገር ነው።

«ሥራዬ ጨዋታ መስሎዎት ነበር ማለት ነው» አለች። «ይህን ሁሉ ጊዜ የሚረዱኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እያጫወቱኝ ነው።»

«ዶክተር፣ ዓሣ ነው የሰጠሁዎት!»

«ዓሣ አልለመንኩዎትም። እውነቱን ነበር የለመንኩዎት።»

ሄደች። ክሌመንት ሽርጡን ጨብጦ እዚያው ቆመ፤ መርፌ የዋጠ ሰው ይመስል ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከተቋሙ ደብዳቤ መጣ። «እመ ረድኤት» ተሰናብታለች። ቦታውን መቀየሯን ያሳወቀችው ዶክተር አሌያማ ናት። አባቷም ይህን ሲሰሙ ተቆጡ አሉ፤ እግረ ርጥብነታቸውን በተራራው ሁሉ ሲያወሩ ሰንብተው ነበርና፤ «ያ ልጅ መሳቂያ አደረገኝ» አሉ አሉ። መረብ ጠጋኞቹ ሰፈር ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወሬው ናኘ። ገርቫሲስ «የተራራ ሰው እንዲህ ነው፤ ወጡን በልቶ ድስቱን ይሰብራል» አለ። ክሌመንት ግን አልተሳደበም። መረቡን እየጠገነ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚደጋግመው።

«ማባረሯን አይደለም፣ ጋሼ ዴቫሲ። ሕጉ ነው። መጥታ በአፏ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ለዓሣ አጥማጅ ደብዳቤ ይበቃዋል ብላ ነው።»

ያን ቀን ምሳ ልበላ ቤት ስገባ ይህንኑ ለሚስቴ ለሮሲሊ ነገርኳት። ሮሲሊ ካሳቫ እየላጠች ነበር። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ማን ነው አልመጣችም ያለው? መጥታለች እንጂ። ደብዳቤው ሳይመጣ በፊት። እኔ በመስኮት አይቻታለሁ።»

«የት?»

«እዚህ ጎረቤት፣ ክሌመንት ቤት ደጃፍ ላይ። ያ ከምሥራቅ የሚመጣው ከባድ ዝናብ ሲወርድ። የወንድሙ ሚስት ትሬሲያ በር ላይ ቆማ ‹የለም፣ አይመለስምም› አለቻት፤ ግቢም አላለቻትም። እሷም ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ጃንጥላዋን ነፋስ ገልብጦባት እንደ በሰበሰች ጫጩት ሆና ስትጠብቅ አመሸች። ኋላ ሄደች። ትሬሲያ ለማንም አልነገረችም። እኔም ሰው ቤት ምን አገባኝ ብዬ ነው።»

ሮሲሊ በዕድሜዋ በሰው ቤት ነገር ያልገባችው ያን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ባልሆነ ቀን። ምሳዬን ትቼ ወደ ክሌመንት ሮጥኩ። ስነግረው የመረብ መስፊያውን እንደያዘ ድንጋይ ሆነ።

«ዝናብ ላይ?»

«ዝናብ ላይ።»

«እኔ ደግሞ ከዚያ ደጃፍ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ተቀምጬ ይህን ሰሞን ሁሉ እያማኋት ነበር» አለ። ከዚያ እንደ ሕፃን ፊቱን በሽርጡ ሸፈነ። እንባው ከሐዘን ብቻ እንዳልሆነ አወቅኩ፤ አልተናቀም ነበርና።

በማግስቱ ጠዋት ተቋሙ ሄድን። «ብቻዬን ከሄድኩ አንደበቴ ይታሰራል» ስላለኝ እኔም የገና ሸሚዜን ለብሼ ተከተልኩት። የተቋሙ ኃላፊ ዶክተር ሳራዳ ይባላሉ፤ ሽበታቸውን ወደ ኋላ አጥብቀው ያሰሩ፣ ሰውን ሲያዩ ክብደቱን የሚገምቱ ዓይነት ሴት ናቸው። አሌያማ ከጠረጴዛው ጎን ቆማ ነበር። ከስታለች። ክሌመንት ሲገባ መስኮቱን አየች።

«ስለ ውሉ ከሆነ ነገሩ አልቋል» አሉ ዶክተር ሳራዳ።

«ስለ ውሉ አልመጣሁም፣ እመቤቴ። ያን ነጥብ መልሼ ልጎትተው ነው የመጣሁት። በራሴ ናፍጣ።»

«ሌላ ጀልባ ይጎትተዋል።»

«ሌላ ጀልባ ቢጎትተው ነጥቡ ይስተካከላል። እኔ ግን አልስተካከልም።»

ሴትዮዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ሌሎቹንም ነጥቦች እንዲህ እንዳላደረግክ በምን አውቃለሁ?»

ክሌመንት ሊመልስ ሲል አሌያማ ቀደመችው። «እኔ አውቃለሁ። ቦታ የሚያሳየው መሣሪያ ላይ የጀልባዋን መንገድ ሁሉ አንድ በአንድ አይቼዋለሁ። ከዚያች በቀር አንዷም ንቅንቅ አላለችም። ከእሳቸው የበለጠ ታማኝ ካፒቴን አልገጠመኝም። ለዚህ ነው... ለዚህ ነው ያቺ አንዷ የከበደችኝ።»

ክሌመንት ዞር ብሎ አያት። ስትከሰው የነበረች የመሰለችው ሴት ለካ ጠበቃው ነበረች። ከዚያ በኋላ ያለውን የተናገረው ለኃላፊዋ አይደለም፤ ለእሷ ብቻ ነው።

«ለምን ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አልመለስኩም፤ አፍሬ ነው። አባትዎን እግረ ደረቅ ሊሏቸው ነበር። መጀመሪያ ቀናቸው ነው፤ እንግዳዬ ናቸው፤ የእርስዎ አባት ናቸው። ያ ስም በእኔ ጀልባ ላይ እንዲለጠፍባቸው አልቻልኩም።»

«ለአባቴ ክብር ብለው ነው የእኔን ሥራ የጣሉት?»

«መጣል መሆኑ አልገባኝም ነበር! እኛ ቤት ባዶ መረብ ማለት ባዶ ምድጃ ነው። ሕፃን ሆኜ አባቴ ባዶ መረብ ይዞ ሲመጣ እናቴን እንዳያይ በጓሮ በኩል ነበር የሚገባው። ባዶ መረብ ከሚወዱት ሰው የሚደበቅ ነገር ነው፤ እንዲያ ነው ያደግኩት።»

«ያን ሙሉ መረብ በዚያ ነጥብ ላይ ጽፌው ቢሆንስ?» አለች። «እዚያ ዓሣ ሞልቷል ተብሎ በሚቀጥለው ዓመት የወደቡ ጀልባ ሁሉ ይላካል። እነ ገርቫሲስ ባዶ ባሕር ላይ ናፍጣ ሲያቃጥሉ ይከርማሉ። እኔ ባዶውን የምቆጥረው ለእናንተው ነው፣ ካፒቴን! ባዶውን ካልነገሩኝ እኔ ለማንም አልጠቅምም።»

«አሁን ገብቶኛል። እንዴት እንደገባኝም ልንገርዎት።» አለ። «ቤቴ ደጃፍ ዝናብ ላይ ተቀምጠው እንደነበር ትናንት ሰማሁ። ክፉ ወሬ ይዘው፣ በር ተዘግቶብዎት፣ እስኪመሽ። ደብዳቤው ይንገረው ብለው መቅረት ይችሉ ነበር። እርስዎ ግን ባዶውን መረብ ይዘው በፊት በር መጡልኝ። ማንም እንዲያ አክብሮኝ አያውቅም። ለዚህ ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።»

አሌያማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እንባዋ በጣቶቿ መሃል ወረደ። «ማን ነገረዎት?»

«ጋሼ ዴቫሲ ሚስት አላቸው» አለ።

በእንባዋ መሃል ሳቀች። ዶክተር ሳራዳ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ነህ ጋሼ ዴቫሲ?» አሉኝ። ነኝ አልኩ። «ሚስትህን ተቋሙ መቅጠር አለበት» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነጥቡ ሐሙስ ጠዋት እንደገና ይጎተታል። ውሉን ከዚያ በኋላ አየዋለሁ።»

«አንድ ነገር ብቻ፣ እመቤቴ» አለ ክሌመንት። «የዶክተሯ አባትም ይምጡ።»

አሌያማ ደነገጠች። «አባቴማ ስምዎን መስማት አይፈልግም! ባዶ ከወጣ ደግሞ...»

«በሐሰት ያስደሰትኳቸው እኔ ነኝ። እውነቱንም ከእኔ እጅ ይዩት።»

«እኔን ሊከለክልዎት ይችላል እኮ» አለች በቀስታ። «የመጨረሻው ቃሉ ሊሆን ይችላል።»

«አውቃለሁ።»

ከዚያ ሁለቱም እንዳይተያዩ ሆነው ቆሙ። ግን በመካከላቸው የነበረው አየር ከደጁ ዝናብ በኋላ እንዳለ አየር ቀልሎ ነበር፤ እኔም ልቤ ውስጥ ሁለቱን እመርቅ ጀመር።

ሐሙስ ጠዋት ባሕሩ እንደ ዘይት ተኝቶ ነበር። ልጃቸው እንዴት እንዳግባባቻቸው አላውቅም፤ አቶ ኩሪያኮስ መጡ። አንድም ሰው ሰላም ሳይሉ በረዶ ሣጥኑ ላይ ተቀመጡ። ክሌመንት ጀልባዋን በትክክል ነጥቡ ላይ አደረሳትና አሌያማን ጠርቶ መሣሪያውን አሳያት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች። መረቡ ወረደ።

ያ ግማሽ ሰዓት! ገርቫሲስ እንኳ አፉን ይዞ ነበር፤ ክሌመንት «አንዲት ቃል ብትተነፍስ ዋኝተህ ነው የምትመለሰው» ብሎታል። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለ ሁለቱ ወደ እመቤታችን ጸለይኩ። ምን ብዬ እንደምጸልይ ግን ግራ ገባኝ። ይሙላ ልበል? ባዶ ይውጣ ልበል? በመጨረሻ «አንቺ እንደምታውቂ» ብዬ ተውኩት።

መረቡ ወጣ። ገርቫሲስ ከታች ያለውን ቋጠሮ ሲፈታው ወለሉ ላይ የወደቀው ሁለት ሸርጣን፣ አንድ የተበጠሰ ነጠላ ጫማና ጣት የምታህል ዓሣ ነው። ከዚያ ጭቃ ውሃ ተንጠባጠበ። ሌላ ምንም የለም።

ክሌመንት ከመሪው ክፍል ወርዶ በሽማግሌው ፊት ቆመ። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። በእኛ ሰው ዘንድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም፤ ልጃቸውን ሊጠይቃቸው በሚፈልጋቸው አባት ፊት ባዶ መረብ ይዞ መቆም። ዓይኑን ግን አልሰበረም።

«አባቴ፣ ያን ዕለት የወጣው ዓሣ የእርስዎ እግር ያመጣው አልነበረም። እኔ ቦታ ቀይሬ ነው። የዚህ ነጥብ እውነት ይህ ነው። እርስዎንም ልጅዎንም ዋሽቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው የሚያዩት ልጃቸውን ነበር። አሌያማ ተንበርክካ ያቺን ጣት የምታህል ዓሣ በሁለት እጇ አንስታ ሚዛን ላይ አስቀመጠቻት። ለካች። ጻፈች። ሸርጣኖቹን ለካች፤ ጻፈች። ከዚያ ብዕሯ ቆመና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅሰው በደስታ ነበር። ያን ሙሉ መረብ ስታይ እንዲህ አልሆነችም ነበር፤ አባቷም ይህን ሳያዩት አልቀሩም።

«እኔ እግረ ርጥብ ነኝ ብዬ ያልነገርኩት የተራራ ሰው የለም» አሉ በመጨረሻ። «ለቄሱም ነግሬያለሁ። አሁን ምን ልበላቸው?»

«ካፒቴኑ ዋሸኝ በሏቸው። እውነት ነው።»

«ከዚህ በኋላስ? ባዶ በወጣ ቁጥር እንዲህ ቆመህ ትነግራታለህ? ቤት ውስጥ፣ ከልጆች ጋር፣ በክፉም ቀን?»

ገርቫሲስ ገመዱን ለቀቀው። እኔም ቢላዋዬን። ክሌመንት ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣም።

«ጠየቅኩህ እኮ» አሉ ሽማግሌው።

«እነግራታለሁ፣ አባቴ። በፊት በር ገብቼ እነግራታለሁ።»

አቶ ኩሪያኮስ ተነሱ። ወለሉ አዳለጣቸውና የክሌመንትን ክንድ ያዙ፤ ከያዙም በኋላ አልለቀቁትም። «እናትህ ዛሬ ቤት ናት?»

«እናቴ? ቤት ናት። ግን...» ክሌመንት ፊቱ ቀላ። «ቤታችን ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ አባቴ።»

«ልጄም እዚህ ሥራ ከጀመረች ወዲህ ዓሣ ዓሣ ነው የምትሸተው። እናቷና እኔ ለምደነዋል» አሉ። «ውሰደኝ። የእናትህን ደጃፍ ማየት እፈልጋለሁ። ልጄ ዝናብ ላይ ተቀመጥኩበት ያለችኝን። ዛሬ ደግሞ ግቡ የሚል አይጠፋም ብዬ ነው።»

በእኛ አገር ለጋብቻ የወንዱ ወገን ነው ወደ ሴቷ ቤት የሚሄደው። የተራራ ሰው ወደ ባሕር ዳር ደጃፍ ልጁን ይዞ ሲወርድ አላየሁም፣ አልሰማሁምም። ገርቫሲስ ፊቱን አዙሮ አፍንጫውን ጠረገ፤ ናፍጣው ነው አለ።

አሌያማ ከተንበረከከችበት ተነሳች። እጇ በጭቃና በቅርፊት ተለውሷል። ክሌመንት አጠገብ ስትደርስ ቆመችና ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠራችው።

«ክሌመንት።»

«አቤት።»

«አመሰግንሃለሁ።»

ሌላ ምንም አላለችም፤ ሌላ ምን ይባላል? እሱም «እኔ ነኝ የማመሰግንሽ» አለ፤ አንቺ ማለቱን ራሱ አላወቀውም። ዓይኑን በክንዱ ጠራርጎ ወደ መሪው ወጣ። ሽማግሌውና አሌያማም ተከትለውት ወጡና አጠገቡ ቆሙ።

ጀልባዋ ወደ ፑታንቱራ ስትዞር ድስቴ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ውስጡ ሩዝ እንጂ ዓሣ አልነበረም። በዚህ ዕድሜዬ ለሞላ መረብ ሁሉ አመስግኛለሁ፤ ለባዶ መረብ ግን አንድም ቀን አመስግኜ አላውቅም። ያን ዕለት ድስቴን በአንድ እጄ ይዤ፣ በሌላው አማተብኩና «ተመስገን» አልኩ። ከላይ ሦስቱ ሲሳሳቁ ይሰማኛል፤ እኔ ደግሞ የክሌመንት እናት ሳታስበው እነዚህን እንግዶች ደጃፏ ላይ ስታይ ምን እንደምትሆን እያሰብኩ ብቻዬን አለቅስ ነበር።